አክርማ በሌለበት አገር

ባለፈው ወር ለቤተሰብ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከልጅ ደብተር በተገነጠለ ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነበር። ላኪዋ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናቸው። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ይላሉ፤ «እናቴ ገና በሰባት ዓመቴ ወስፌ አስይዛኛለች። ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ ሌማት፣ አገልግል እሠራለሁ። ባለቤቴ ወደዚህ ጠረፍ ሲዛወር ወስፌዬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተከተልኩት። ወስፌው አለ፤ እጄም አለ፤ አክርማው ግን የለም። እርሱ አሁን ግዳጅ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ከአስቤዛ ተርፎ ለክር የሚሆን ገንዘብ አላገኘሁም። ለእጅ ሥራ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ከወዴት እንደሚገኝ ብትነግሩኝ፣» ደብዳቤው በዚሁ ያበቃል። ምናልባት ልጅ አልቅሶባቸው ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ደብዳቤው አሳፈረን። በአካዳሚ ሳለን ካርታ ማንበብን፣ የመሬትን ገጽ መለየትን፣ ስንቅ ከየት ተነሥቶ በስንት ቀን የት እንደሚደርስ ማስላትን ተምረናል። አክርማን ከስንደዶ ለይቶ ማወቅን ግን ማንም አላስተማረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ይሁን እንጂ ነገሩን ባሰብነው መጠን የእኒህ ሴት ጥያቄ ከስንቅ ጥያቄ የተለየ ሆኖ አላገኘነውም። አንድ ሙያ ያላት ሴት ጥሬ ዕቃ አጥታ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ በቤቷ የሚጎድለው የገበያ ሳንቲም ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሦስት እሑዶችን በዚሁ ጉዳይ አሳለፍን። ከጦር ሰፈሩ ባለሙያ ሴቶች፣ ከገበያ ነጋዴዎች፣ ከልብስ ሰፊዎች፣ ከመስመሩ ማዶ ከሚመጡ እናቶችም ጋር ተነጋገርን። ያገኘነውን እነሆ።

አስቀድመን ስለ ዋጋ አንድ ነገር እንበል። አንባቢያን «ይህን ያህል ብር» የሚል ቁጥር ሊጠብቁ ይችላሉ። ሆኖም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ክር፣ ጨሌና ቀለም ሁሉ የዋጋው እግር አንድ ቦታ አልረጋም። ዛሬ የምናትመው ዋጋ ጋዜጣው ከእናንተ እጅ እስኪደርስ ያረጃል። በመሆኑም ከየት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚመረጥ እንጂ በስንት እንደሚሸጥ አንጽፍም።

ከሁሉ በፊት የሚታየው በእጅ ያለው ነው። በየቤቱ ደጃፍ ተጣጥፎ የሚቀመጠው ባዶ ማዳበሪያ፣ ማለትም ስኳር፣ ዱቄትና እህል የሚመጣበት የላስቲክ ከረጢት፣ ለስፌት የሚሆን ክር የተሸመነበት ነው። በብዙ ከተሞቻችን ባለሙያ ሴቶች ከረጢቱን እየተረተሩ በክሩ መሶብና ሰፌድ ሲሰፉበት ቆይተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። በግርጌው የተሰፋውን ጠርዝ በምላጭ ቆርጦ ማስወገድ፣ ከዚያም ማጉን ከዳር እየጎተቱ ማውጣት ነው። ጥብጣብ የመሰለ ረጅም ክር ይወጣል። ነጩን ለብቻ፣ ባለ ቀለሙን ለብቻ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። የመጀመሪያው፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ከረጢት ክሩ ይደርቅና እንደ ገለባ ይሰባበራል። አንድ ክር መዝዞ በሁለት እጅ ጎትቶ መሞከር ነው፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ድካሙ ከንቱ ነው። ሁለተኛው፣ የአፈር ማዳበሪያ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የተያዘበት ከረጢት ለምግብ ዕቃ ፈጽሞ አይሁን። ደጋግመው ቢያጥቡትም አይሁን። በላስቲክ ክር የተሰፋ ሌማትም ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፤ ይቀልጣል።

ይህ ክር ለመጠምጠሚያ እንጂ ለውስጥ አይሆንም። ስፌት ውስጥ አጥንት የሚሆነው፣ ባለሙያዎች እየጠመጠሙ የሚያዞሩት እቅፍ፣ ሌላ ነገር ይፈልጋል። የደብዳቤዋ ጸሐፊ የቸገራቸውም እርሱ ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባናል። የጦር ሰፈር ዕቃ የሞላበት ስፍራ ነው። አሮጌ ሸራ፣ የተቀደደ ድንኳን፣ ገመድ፣ ሽቦ፣ የጥይት ሣጥን እንጨት፣ ቀለህ፣ ሁሉም ለባለሙያ ዓይን ጥሬ ዕቃ ነው። በደቡብ አፍሪካ የናታል ግዛት የሌሊት ዘበኞች ባለ ቀለም የስልክ ሽቦ በዱላቸው ላይ መጠምጠም ጀምረው፣ ከዚያ የተነሣው የሽቦ ቅርጫት ሥራ ዛሬ የዙሉ ሕዝብ የታወቀ ጥበብ ሆኗል። የመገናኛ ክፍል ጓዶቻችን ይህን ሲያነቡ ልባቸው ሳይደነግጥ አልቀረም፤ አይዟችሁ፣ መስመር ቁረጡ አላልንም። ያረጀም ቢሆን የሠራዊቱ ንብረት በንብረት ክፍል ተመዝግቦ «ተወግዷል» ተብሎ እስካልተፈረመበት ድረስ የሠራዊቱ ንብረት ነው። ከዓመታት በፊት በነበርንበት አንድ ክፍል አንዲት እናት ከተከመረ አሮጌ ሸራ ሁለት ክንድ ቆርጠው ለልጃቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰፉ። ሸራው ገና አልተወገደም ነበርና ባለቤታቸው ለአንድ ቦርሳ ሲሉ ሦስት ጊዜ ቃል ሰጡ። ልጁ ቦርሳውን መልሶ ሲያስረክብ ቆመን አይተናል። ዛሬም ስናስታውሰው ደስ አይለንም። የንብረት ክፍሉ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ በሕጋዊ መንገድ ሊፈቀድ ይችል ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀም፣ እኛም ጠይቁ አላልንም።

የደንብ ልብስ ጨርቅንም ለቦርሳ፣ ለትራስ፣ ለልጅ ልብስ ማዋል አይገባም። ስለ ጥይትና ስለ ቀለህ ደግሞ ማብዛት አያስፈልገንም። ቀለህ ይቆጠራል፣ ይመለሳል። ያልተተኮሰውን ነገር ለጌጥ ብሎ ወደ ቤት ማስገባት ልጆች ባሉበት ቤት ሞትን መጋበዝ ነው።

የንብረት ክፍል የማይቆጥረው፣ ማንም የማይጠይቅበት ሀብት ግን ወጥ ቤት አለ። የሽንኩርት ልጣጭ ማለታችን ነው። የሠራዊቱ ወጥ ቤት በቀን ስንት ሽንኩርት እንደሚልጥ የሚያውቅ ያውቃል፤ ልጣጩ ግን ይጣላል። ይህ ልጣጭ ቀለም ነው። ከሚነከረው ክር ጋር እኩል ክብደት ያለው ደረቅ ልጣጭ በብረት ድስት አንድ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ ይጠለላል። ክሩ አስቀድሞ ሾብ በሟሟበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ቀለሙ ውስጥ ገብቶ በዝግታ ይፈላና እዚያው እንዲበርድ ይተዋል። ከወርቃማ ቢጫ እስከ ሸክላ መልክ ያለ ቀለም ይይዛል። እርድም ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ይሁንና ፀሐይ ቶሎ ያጠፋዋል። ጥጥና የበግ ጠጉር ቀለሙን በደንብ ይጠጣሉ፤ የማዳበሪያ ከረጢት ክር ግን አይቀበልም፤ ስለዚህ እርሱ ቀድሞ በተቀለመበት ቀለም መኖር ግዴታው ነው። ሣሩን እየነከሩ አለላ የሚሠሩ እናቶች ዛሬ በብዛት የሚጠቀሙት በገበያ በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የዱቄት ቀለም ነው። እርሱም ለሰፊ ሥራ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሲገዙ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ቆንጥሮ ማሸት፣ ያለቀውንም አለላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ቀለሙ እንደማይለቅ ማረጋገጥ ይገባል። እንጀራ የሚቀመጥበት ነውና።

ወደ ሹራብ እንለፍ። የሹራብና የዳንቴል ሥራ የሚወዱ እናቶች አዲስ ክር ለመግዛት አቅም ሲያጡ አሮጌ ሹራብ ይፈታሉ። ይህ የቆየ ጥበብ ነው፤ ብዙዎቻችን እናቶቻችን ከአባታችን ሹራብ ፈትተው በሠሩልን ሹራብ ያደግን ነን። ነገር ግን ሁሉም ሹራብ አይፈታም። ሹራቡን ገልብጦ የጎኑን ስፌት መመልከት ነው። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በመኪና ክር የተዘመዘመ ከሆነ ሲፈታ የሚወጣው ስንዝር ስንዝር የሚያህል ቁራጭ ነው፤ ይተውት። ጠርዙ ሳይቆረጥ ራሱ በሹራብ ሥራው ተጠናቅቆ ከተጋጠመ ግን ከአንድ ጫፍ ተይዞ ያለ መቋረጥ ይፈታል። የተፈታውን በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሞ፣ አስሮ፣ በለብታ ውኃ አጥቦ፣ ከሥሩ ትንሽ ክብደት አንጠልጥሎ ማድረቅ ያሻል፤ ያ ጥምዝምዙ ይስተካከላል።

ክሩ ጥጥ ይሁን ላስቲክ ያልታወቀ እንደሆነ አንዲት ቁራጭ በክብሪት መለኮስ ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ላስቲኩ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ሲምል ክብሪት ማውጣት ነውር አይደለም።

አሮጌ ሹራብ ከየት ይገኛል ለሚለው ግን መልሳችን እንደ ሌላው ቀላል አይደለም። ጠረፍ ላይ ነን። ከማዶ በቦንዳ የሚመጣው ሰልባጅ በዓይን የሚስብ፣ በዋጋም የረከሰ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ግን ሕግ የከለከለው ነው። ከጦር ሰፈራችን እናቶች አንዷ ለመፍታት ብለው አሥራ ሁለት ሹራብ በአንድ ማዳበሪያ ይዘው ሲመለሱ በፍተሻ ላይ ተይዘዋል። እርሳቸው ሊሸጡ አልነበረም፤ ፈታሹም ሥራውን እንጂ ክፋት አልሠራም። ዕቃው ተወሰደ። ከዚያ የከፋው፣ ወሬው ከእርሳቸው ቀድሞ ከባለቤታቸው ምድብ መድረሱ ነበር። እኒህ ሴት ከዚያ ወዲህ ለሁለት ወር ያህል ከቤት አልወጡም። በዚህ ጽሑፍ ጉዳያቸው እንዲነሣ የፈቀዱልን «ሌላዋ እንዳትሳሳት» ብለው ነው። ከማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ማለታችን አይደለም። የጠረፍ ነዋሪ ለራሱ ፍጆታ ምን ምን ዕቃ፣ በምን ያህል መጠን ማስገባት እንደሚችል በመመሪያ የተወሰነ ነው፤ መመሪያውም ይሻሻላል። ከመሻገር በፊት ወደ ጉምሩክ ጠጋ ብሎ መጠየቅ የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱንም አገር ሠራተኞች ያቀራረበ ስለሆነ ጥያቄውን እዚያው ማቅረብ ይቻላል።

ሹራቡን በተመለከተ ግን ከጦር ሰፈራችን መውጣት እንኳ አያስፈልግም። የጠበበው የልጅ ሹራብ በየሣጥኑ ታጥፎ አለ። አንዷ ቀይ ይተርፋታል፣ ሌላዋ ቀይ ይጎድላታል። የቤተሰብ ኮሚቴው በዚህ ረገድ ያደረገውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አሁን ወደ ማንያታ።

ማንያታ በማሳይ ቋንቋ የታጠረ የከብት አርቢዎች ሰፈር ማለት ነው። ቃሉ በኬንያ ብዙ ተዘዋውሮ የየከተማው ሰፈር መጠሪያ ሆኗል፤ ከመስመሩ ማዶ ባለችው ሞያሌም እንዲሁ። ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ አንዲት ከተማ ናት፣ መስመር በመሐሏ ስላለፈ ሁለት የሆነች። የደንብ ልብስ የለበስን እኛ መስመሩን አንሻገርም። ስለዚህ ማንያታን የምንነግራችሁ በሁለት እናቶች ዓይን ነው። አንዷ ደብዳቤውን የጻፉልን ናቸው፤ ሌላዋ የሃምሳ አለቃ ባለቤት፣ በሞያሌ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ቦረንኛም ስዋሂሊም የሚናገሩ። «እኔ ልውሰዳቸው» ብለው ተነሡ።

ከመሄዳቸው በፊት የሃምሳ አለቃው ባለቤት የሰጡት አንድ ምክር ነበር፤ «ፌስታል እንዳትይዢ።» ምክሩ በቂ ምክንያት አለው። ኬንያ ከነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የላስቲክ መያዣ ከረጢትን ከልክላለች፤ ቅጣቱም የዋዛ አይደለም። እዚያ ሰው ወደ ገበያ የሚሄደው ቅርጫት ወይም የጨርቅ ቦርሳ ይዞ ነው። ለባለሙያ ይህ ራሱ የገበያ ዜና መሆኑን ልብ ይሏል። ፌስታል ሲጠፋ ዘንቢል ይፈለጋል፤ በአገራችንም የፌስታል ነገር ወደዚያው እያመራ ነው።

በማንያታ መጀመሪያ ያገኙት ልብስ ሰፊዎቹን ነበር። ልብስ ሰፊ ባለበት ሁሉ ቁርጥራጭ አለ። የሌሶ፣ የኪቴንጌ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብጣሽ ከመኪናው ሥር ተከምሮ ይውላል። ሌሶ በስዋሂሊ ሴቶች ዘንድ የታወቀ፣ በጠርዙ ላይ ምሳሌያዊ ንግግር የሚታተምበት የጥጥ ጨርቅ ነው። አንዱ ሰፊ ቁርጥራጩን በኪሎ ሸጠላቸው፤ ሌላው ደጃፉን ቢጠርጉለት በነጻ ውሰዱ አለ፤ ጠርገው ወሰዱ። በዚህ ብጣሽ የአልጋ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የሕፃን መታቀፊያ ይቀጣጠላል። በቀጭኑ ተተልትሎ ሲገመድ ደግሞ የስፌት እቅፍ ይሆናል።

ጨሌም አለ። በደጃፍ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ በዘለላ በዘለላ ይሸጣል። የምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢ ሴቶች አንገታቸውን ያስጌጡበት የመስታወት ጨሌ ከጥንት ጀምሮ በባሕር የመጣ ነው፤ ከፍ ያለው ዓይነት በቼክ አገር ከያብሎኔጽ ከተማ ዙሪያ ሲመጣ ኖሯል። ዛሬ ከጎኑ የላስቲክ ጨሌ ተደርድሮ ይሸጣል። መለያው እንዲህ ነው። የመስታወቱ በመዳፍ ሲይዙት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ በጥርስ ሲነኩት ይንቃጨላል፤ የላስቲኩ ቀሊልና ለብ ያለ ነው። ለልጅ አምባር የላስቲኩ ይበቃል። ለሚሸጥ ሥራ ግን የመስታወቱ ጥቂቱ ከላስቲኩ ብዙው ይሻላል።

የደብዳቤዋ ጸሐፊ ግን ያሹት ጨሌ አልነበረም። አክርማ ይፈልጉ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው የሃምሳ አለቃው ባለቤት ወደ አንዲት አሮጊት ቤት የወሰዷቸው። ማንያታ ውስጥ ሁሉም «ማማ» ይሏቸዋል፤ እኛም በዚሁ እንጥራቸው። ማማ ከደጃፋቸው ተቀምጠው በወስፌ ይሠሩ ነበር። የሚሠሩት የቦረናና የገብራ እናቶች የሚሠሩትን ጎርፋ፣ ከቁጥቋጦ ሥር በሚወጣ ቃጫ የሚታታውን የወተት ዕቃ ነው። አታቱ እጅግ የጠበቀ ከመሆኑ የተነሣ ወተት አያፈስም። ውስጡ በጢስ ይታጠናል፤ በውስጡ የሚረጋው ወተት ኢቲቱ ይባላል፣ ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። አንዱን ለመጨረስ ወራት ይወስዳል። ለሙሽራ ከሚሰጡት ዕቃዎች ዋነኛው ነው፤ በዛጎልም ያጌጣል።

የደጋዋ ሴት ወስፌያቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ማማ ወስፌውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና የራሳቸውን አጠገቡ አስቀመጡ። አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ወደ ሌላው ቋንቋ ሳይተረጎም ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ የሃምሳ አለቃው ባለቤት እያስተረጎሙ የአክርማው ነገር ተነገረ። ማማ እንዲህ አሉ፤ «ኢንተላ ኮ፣ ሣር የአንቺ አገር ነው። የእኛ አገር ሥር ነው።»

በዚያው ቀን ግን ያልታሰበ ነገር ገጠማቸው። በማማ ቤት ግድግዳ ላይ ሌላ ጎርፋ፣ በዛጎል ያጌጠ፣ በዕድሜ የጠቆረ፣ ተሰቅሎ ነበር። የማማ እናት የሠሩላቸው ነው። አንድ ነጋዴ ለቱሪስት ሊሸጠው ደጋግሞ ይመላለስበታል፤ ማማም ሊሸጡት ቆርጠዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ድርቅ በሁለቱም ወገን ያለው አርብቶ አደር ከብቱን በብዛት አጥቷል፤ የማማ ልጆች ላሞችም አልቀዋል። «ወተት በሌለበት ቤት የወተት ዕቃ ምን ይሠራል?» አሉ። ነጋዴው ሊሰጥ ያሰበውን ዋጋ ሲሰሙ ሁለቱ እንግዶች ተያዩ። የደጋዋ ሴት በመቀነታቸው ለጥሬ ዕቃ የያዙት ገንዘብ ከዚያ ብዙም አያንስም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናደርገውን እናውቃለን። በርካሽ ተገኝቷልና እንገዛለን፤ አስጌጠን ቤት እንሰቅላለን፤ ወይም ለሌላ አትርፈን እንሸጣለን። «ርካሽና ዓይን የሚስብ ዕቃ» ማለት እኮ ይኸው ነው። ደብዳቤ የጻፉልን ሴት ግን አልገዙትም። ገንዘቡን ቆጥረው ለማማ ሰጡና «ጎርፋው ይቀመጥ፤ በዚህ ሥሩን እንዴት እንደሚያወጡትና እንዴት እንደሚያቱት ያስተምሩኝ» አሉ። ማማ በመጀመሪያ ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። ለማስተማር ገንዘብ አይቀበሉም። ብዙ ከተመላለሱ በኋላ በሌላ ተስማሙ። የደጋዋ ሴት በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ ይማራሉ፤ በምላሹ ለማማ የልጅ ልጆች ከቁርጥራጩ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይሰፋሉ፤ ገንዘቡ ግማሹ ለማማ ቃጫ ዋጋ ይሆናል፤ ግማሹ ይመለሳል። ነጋዴው በቀጣዩ ሳምንት መጥቶ ጎርፋው ከግድግዳው ላይ እንዳለ አየ። ይመለስ እንደሆነ ማማም አላወቁም።

የሥር ቃጫ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ እንደ ሣርም በነዶ አይታጨድም። በድርቅ የተጎዳ መሬት ላይ ማንም እየሄደ ቁጥቋጦ ይንቀል ብለን አንመክርም። የትኛው ሥር ተቆርጦ የትኛው እንደሚተው የሚያውቁት የአገሩ እናቶች ናቸው፤ ከእነርሱ መግዛት ነው የሚገባው። ለዕለት ሥራ የሚሆነው ሌላው አማራጭ ሲሳል ነው። ይህ በየአጥሩ የምናየው ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የሆነ ተክል አገሩ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ከፍሎሪዳ ወደ ዛሬዋ ታንዛንያ ገብቶ ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ ተስፋፋ። የካምባና የኪኩዩ ሴቶች ኪዮንዶ የተባለውን በዓለም የታወቀ ዘንቢል የሚሠሩት በእርሱ ነው፤ ካምባዎች ቀድሞ ከባኦባብ ዛፍ ልጥ ያዘጋጁት ነበር። በኬንያ ወገን የተፈተለው የሲሳል ገመድ በጥቅል ይሸጣል። በእኛ ወገን ተክሉ ካለ ቅጠሉን ቀጥቅጦ፣ ባልተሳለ ቢላ ፍቆ፣ አጥቦ ማድረቅ ነው። ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካልና እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ መሥራት ይገባል። ሲሳል ለእቅፍ፣ የማዳበሪያ ክር ለመጠምጠሚያ፤ የደብዳቤዋ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ሌማት የሠሩት በእነዚህ በሁለቱ ነው። አይተነዋል። ከአክርማው ስፌት ይልቅ ሸካራ ነው፤ እርሳቸውም አልወደዱትም። እኛ ወደነዋል፤ ነገር ግን የእኛ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ሚዛን የሚደፋ አይደለም።

ወደ መሐል አገር ለዕረፍት የሚሄዱ ወታደሮች በዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። መንገዱ ራሱ ገበያ ነው። ከዲላ አካባቢ እስከ ሲዳማ ድረስ ያለው የእንሰት አገር የእንሰት ቃጫ ያወጣል፤ ረጅምና ጠንካራ ነው፣ ለገመድም ለስፌት እቅፍም ይሆናል። ከያቤሎ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ኮንሶ ይወስዳል፤ የኮንሶ ወንዶች ሸማኔዎች ናቸውና የእጅ ፈትል ጥጥ እዚያ ይገኛል። አዲስ አበባ የደረሰ ደግሞ ሽሮ ሜዳን ለሸማና ለጥበብ፣ መርካቶን ለቀረው ሁሉ ይጎብኝ። በመርካቶ ከሁሉ የምንወደው ምናለሽ ተራን ነው። ከተማው የጣለው ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጎማ፣ ጠርሙስ፣ ሽቦ እዚያ ተሰብስቦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተለይቶ እንደ ገና ዕቃ ይሆናል። ወታደር ሚስቱን ምን ላምጣልሽ ብሎ ሲጠይቅ ሽቶ ከሚል ይልቅ ከዚያ የሚገኝ ጥሩ መቀስና አራት ዓይነት ወስፌ ቢል ይሻላል የሚል እምነት አለን። (ሽቶውም አይቅር።) ከአሮጌ ነገር ስለሚገኝ ሀብት የሚጠራጠር ካለ በርባሶን ያስብ። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የጀመሩት ሶል ሬብልስ ያገለገለ የመኪና ጎማ ለጫማ ሶል እያዋለ ምርቱን በብዙ አገሮች የሸጠ ድርጅት ነው።

የደጋ ሰዎች የሆናችሁ ደግሞ አክርማና ስንደዶ አትርሱ። ክረምት ሲወጣ ሣሩ ደርሶ ይታጨዳል። ደርቆ ሲታሰር ክብደት የለውም፤ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ቦታ አይፈጅም፤ ፍተሻም አያስቆምም። ስፌት ከመጀመሩ በፊት በውኃ ስለሚርስ ዓመት ቢቆይም አይጎዳም፤ ምስጥና እርጥበት ብቻ ይጠበቅ።

የቤተሰብ ኮሚቴው ካለፈው እሑድ ጀምሮ አንድ ሣጥን ከመዝናኛ ክበቡ አጠገብ አኑሯል። ሣጥኑ ከንብረት ክፍል በፊርማ የወጣ ነው፤ ወረቀቱን ራሳችን አይተናል። የተረፈሽን ክር፣ ቁርጥራጭ፣ የጠበበ ሹራብ፣ ንጹሕ ከረጢት ታስቀምጫለሽ፤ የሚያስፈልግሽን ትወስጃለሽ። መዝገብ የለም። የወጥ ቤት ኃላፊውም የሽንኩርት ልጣጭ በየቅዳሜው በአንድ ማዳበሪያ ለመስጠት ተስማምተዋል፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ያ አሥራ ሁለት ሹራብ የተወሰደባቸው እናት በመጀመሪያው ቀን መጥተው የልጃቸውን ሰማያዊ ሹራብ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠው ሄዱ። ምንም አልወሰዱም።

ይህን ጽሑፍ ልናስረክብ ስንል ደብዳቤዋን የጻፉልን ሴት በቢሯችን በር አለፉ። ባለቤታቸው ከግዳጅ ወረዳ ስልክ ደውለው ዕረፍት እንደ ተፈቀደላቸውና በአገራቸው በኩል አድርገው እንደሚመጡ ነግረዋቸዋል። አክርማ እንዲያመጡላቸው አዘዋቸዋል። አሥር አለቃው «ስንት ነዶ?» ብለው ጠይቀዋል።

«ምን አሉ ታዲያ?» አልናቸው።

«ሁለት አልኩት» አሉ፤ «አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለማማ።»